አሥራ ሁለት ቅርስ፣ አሥራ ሁለት አበባ

ጥቅምት 2017 – አጥር መሥራት

ፖስት ካርድ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ቶሎ ወሰን ካላበጀ ቤቱ ካርቶን በካርቶን ይሆናል። ክምር እንጂ ስብስብ አይኖረውም። ስለዚህ ገና ከመነሻው አጥር ሠራሁ። የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ዛሬ ከ1,200 በላይ ቦታዎች አሉ። ያን ሁሉ ማሳደድ ዕድሜም ገንዘብም ይጨርሳል። በ1978 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መዝገቡ ሲከፈት ግን የገቡት አሥራ ሁለት ብቻ ነበሩ። የኔ ሥራ እነዚያን አሥራ ሁለት መሰብሰብ ነው።

ስማቸውን ልጥራ። ከኢኳዶር የጋላፓጎስ ደሴቶችና የኪቶ ከተማ። ከጀርመን የአኸን ካቴድራል። ከካናዳ ላንስ ኦ ሜዶውስና የናሃኒ ፓርክ። ከፖላንድ አሮጌው የክራኮው ከተማና የቪየሊችካ የጨው ማዕድን። ከሴኔጋል የጎሬ ደሴት። ከአሜሪካ ሜሳ ቨርዴና የሎውስቶን። ከኛ ላሊበላና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ።

ግብፅ የለችበትም። ግሪክም ጣሊያንም የሉበትም። የግብፅ ፒራሚዶች እንኳ የተመዘገቡት በዓመቱ ነው፤ የጎንደሩ ፋሲል ግቢም እንደዚያው። ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ የኛ ናቸው፣ ከሁለት በላይ የያዘ አገርም የለም። ይህን ለሰው ስናገር ትንሽ ደረቴን እነፋለሁ።

ሁለተኛው አጥር ቴምብሩ ነው። ካርዱ ቅርሱ ካለበት አገር በፖስታ መላክ አለበት። ቴምብሩ የዚያው አገር ሆኖ አበባ ሊኖርበት ይገባል። ማኅተሙ ቴምብሩ ላይ ማረፍ አለበት። በፖስታ ውስጥ ታሽጎ የመጣ ካርድ አይቆጠርም፤ ካርዱ ራሱ ራቁቱን መንገዱን መሄድ አለበት።

ለምን አበባ? ምክንያቱ ተራ ነው። አበባ አሳትሞ የማያውቅ ፖስታ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ወፍም ብዙ አለ፣ ግን ወፍ የሚሰበስበው ሰው በዝቷል፣ ዋጋውም ንሯል። አበባ ለዘወትር ደብዳቤ በሚውል ረከስ ያለ ቴምብር ላይ ይገኛል። አንድ ሰው ውጭ አገር ተቀምጦ ወደ መስኮቱ ሄዶ «አበባ ያለበት ስጡኝ» ብሎ ሊጠይቅልኝ ይችላል። የንጉሥ ሠርግ መታሰቢያ ቴምብር ፈልግልኝ ብለው ግን ወዳጅነታችን እዚያው ያበቃል።

ቴምብር የሚሰበስቡ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ማክሲሙም ካርድ እየሠራሁ ይመስላቸዋል። አይደለም። በማክሲሙም ካርድ የካርዱ ሥዕል፣ ቴምብሩና ማኅተሙ ስለ አንድ ነገር መናገር አለባቸው፤ ቴምብሩም የሚለጠፈው በሥዕሉ በኩል ነው። የላሊበላ ካርድ፣ የላሊበላ ቴምብር፣ የላሊበላ ማኅተም። እሱ ትልቅ ሙያ ነው፣ የራሱ ሕግና ውድድር አለው። እኔ ሥዕሉ ላይ ምንም እንዲለጠፍ አልፈልግም። አበባው በጀርባ ይሁን።

ጥቅምት መጨረሻ – አልበምና ወረንጦ

ዕቃ ገዛሁ። ዋናው ካርዱ የሚገባበት የአልበሙ ላስቲክ ኪስ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ርካሽ የፎቶ አልበም አብዛኛው ፒቪሲ ከሚባለው የላስቲክ ዓይነት ነው። ሲከፈት የሚሸተው ሽታ ያስታውቃል። ፒቪሲ እያደር የሚለቀው ነገር ቀለሙን ያበላሻል፣ ካርዱም ከላስቲኩ ጋር ይጣበቃል። ፖሊፕሮፒሊን የሚል የተጻፈበት ይሻላል። ወደድ ይላል፣ ግን እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ሌላው ጠላት የክረምት እርጥበት ነው። ወረቀት ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ አንዴ ከወጣ አይለቅም። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣውን ትንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣሉ። እኔ ዘመድ አዝማዱን አስቸግሬ አጠራቅሜያለሁ። አልበሙን መሬት ላይ አለማስቀመጥ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብም አለማቆም። ቀይና ሐምራዊ ቀለም በፀሐይ ቶሎ ይነጣል፣ አበባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀይና ሐምራዊ ነው።

የአልበሙን ቅደም ተከተል ከመዝገቡ ቁጥር ወሰድኩ። እያንዳንዱ ቅርስ ዩኔስኮ ዘንድ መለያ ቁጥር አለው። ጋላፓጎስ 1 ነው። ኪቶ 2፣ አኸን 3፣ ላንስ ኦ ሜዶውስ 4። ስሜን 9፣ ላሊበላ 18። ከዚያ ናሃኒ 24፣ ጎሬ 26፣ ሜሳ ቨርዴ 27፣ የሎውስቶን 28፣ ክራኮው 29፣ መጨረሻ ላይ ቪየሊችካ 32። ቁጥሩን በለስላሳ እርሳስ ካርዱ ጀርባ ጥግ ላይ እጽፋለሁ። እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ በፊት ለፊቱ በኩል ያልፋል።

በነገራችን ላይ አዋሽ 10፣ ጢያ 12፣ አክሱም 15፣ ኦሞ 17፣ ፋሲል ግቢ 19 ናቸው። በ1978 አልገቡም እንጂ ቁጥራቸው ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተጠጋግቶ ተቀምጧል። አጥሬን ለማስፋት የሚፈትነኝ ይህ ነው። ለጊዜው ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

ኅዳር – የሚላክ ነገር ማዘጋጀት

ካርድ የሚመጣው ለላከ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የኛን ካርድ መግዛት ነበረብኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ፖስት ካርድ ማግኘት ድሮ ቀላል ነበር። ፒያሳና ቸርችል ጎዳና ላይ የስጦታ ዕቃ ሻጮች በር ላይ የሚሽከረከር መደርደሪያ ይቆም ነበር። ቱሪስት ሁሉ ስልክ ከያዘ ወዲህ ግን ማን ካርድ ይገዛል? የቀሩት ካርዶች ብዙዎቹ የቆዩ ናቸው። ሰማዩ ከሚገባው በላይ ሰማያዊ ነው፣ ሣሩም ከሚገባው በላይ አረንጓዴ። እኔ ይህን ቀለም እወደዋለሁ። የውጭ ሰዎችም ይወዱታል፣ ከአዲሱ ይልቅ አሮጌውን ይጠይቃሉ።

ቴምብር ለመግዛት ሰፈሬ ወዳለው ፖስታ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ አበባ ያለበት ቴምብር ይኖራል?»

«አበባም ይሁን ዋልያ ዋጋው ያው ነው፣ የኔ ልጅ።»

«አውቃለሁ፣ ግን የምልክላቸው ሰዎች አበባ ነው የሚፈልጉት።»

መሳቢያውን ከፈቱና አንድ በአንድ እያገላበጡ ፈለጉልኝ። አገኙ። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ አመጣሁባቸው። ማኅተሙን አበባው መሐል ላይ ሳይሆን ጫፉ ላይ እንዲያሳርፉልኝ ለመንኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ማኅተም በቀስታ ምቱልኝ የሚል ሰው አንቺን አየሁ» አሉ። ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሞከሩ፣ የበዛውን ቀለም ጠረጉ፣ አንድ በአንድ መቱልኝ። ቀኑና የከተማው ስም ጥርት ብሎ ይነበባል። ከዚያ ወዲህ ስገባ ገና ከበሩ «አበባ መጣች» ይሉኛል።

አድራሻችን ለውጭ ሰው ግር ይላል። «የመንገዱ ስምና የቤቱ ቁጥር ቀርቷል» ብለው ይጽፉልኛል። የለም፣ አልቀረም። እኛ ጋ ደብዳቤ ቤት ለቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን ነው የሚሄደው። ስም፣ ፖ.ሣ.ቁ.፣ ከተማ፣ አገር፤ አለቀ። እኔ እንዲያውም የኛ ይሻላል ባይ ነኝ። ካርዱ ዝናብ ላይ አይወድቅም፣ ውሻም አይነክሰውም።

ከማን ጋር ልለዋወጥ? ግማሹን ከፖስትክሮሲንግ አገኘሁ። በ2005 እ.ኤ.አ. ፖርቱጋል ውስጥ የተጀመረ የካርድ መላላኪያ ነው። አንድ ሰው አድራሻ ይጠይቃል፣ ኮምፒውተሩ ከዓለም አንድ ሰው ይመርጥለታል፣ ካርድ ይልካል። ካርዱ ደርሶ ሲመዘገብ በተራው የላኪው አድራሻ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አገር መምረጥ አይቻልም። ፍላጎትን መጻፍ ግን ይቻላል፤ እኔም አሥራ ሁለቱን ዘርዝሬ ጻፍኩ። ጀርመንና ፖላንድ ብዙ አባላት ስላሏቸው በነሱ በኩል ተስፋ ነበረኝ። ለቀረው ዘመድ አለ። የሐበሻ ዘመድ ያልደረሰበት አገር ጥቂት ነው።

ታኅሣሥ – አኸን

የመጀመሪያው ገባ! ኮሎኝ የምትኖር አብሮ አደጌ ናት የላከችው። አኸን ከኮሎኝ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ቅዳሜ ሄዳ እዚያው ገዝታ እዚያው ፖስታ ሣጥን ውስጥ ጣለችው። ካርዱ የውስጡን ስምንት ማዕዘን አዳራሽ ያሳያል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው ሻርለማኝ ነው፣ የተቀበረውም እዚያ ነው። ከ936 እስከ 1531 እ.ኤ.አ. የጀርመን ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑት እዚህ ነበር። ለነሱ አክሱም ጽዮን እንደ ማለት ነው።

ቴምብሩ ከዘወትሩ የአበባ ተከታታይ ነው። ጀርመን ይህን ተከታታይ ከ2005 ጀምሮ ስታወጣ ቆይታለች። ነጭ መደብ፣ መሐሉ ላይ አንድ አበባ ብቻ። ጌጥ የለው፣ ግርግር የለው። ለኔ ዓላማ ከዚህ የተሻለ የለም። ከ2021 ወዲህ የሚወጡት የጀርመን ቴምብሮች አጠገባቸው በነጥብ የተሠራ አራት ማዕዘን ኮድ አለ። ማሽን ያነበዋል፣ ደብዳቤው የት እንደደረሰ ለማወቅም ይረዳል። ለሰብሳቢ ዓይን ግን አይጥምም። የመጣልኝ የድሮው፣ ኮድ የሌለው ነው። ጓደኛዬ ይህን አስባ ሳይሆን ቤቷ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ የነበረ ስለሆነ ነው።

ማኅተሙ የማሽን ነው፣ ሞገድ ሞገድ የሚለው። የእጅ ማኅተም ቢሆን እመርጥ ነበር። ተቀብያለሁ።

ታኅሣሥ መጨረሻ – ላሊበላ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለገና ወደ ላሊበላ በረረ። ካርዱን፣ ቴምብሩን፣ የኔን ፖስታ ሣጥን ቁጥር አዘጋጅቼ አስያዝኩት። ለራስ ካርድ መላክ የሚያሳፍረው ሰው ይኖራል። እኔ ሰብሳቢ ነኝ፣ አላፍርም።

ካርዱ ቤተ ጊዮርጊስ ነው፣ ከላይ ወደ ታች የተነሣው፣ መስቀሉ ጣሪያ ላይ የሚታየው። ይህን ፎቶ ሁሉም ሰው አይቶታል፣ እኔም ሌላ ልመርጥ አስቤ ነበር። አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት እያሉ ሁልጊዜ ጊዮርጊስ? ግን ፖስት ካርድ ልማድ ነው። የሚጠበቀው ሥዕል ካልሆነ ፖስት ካርድ መሆኑ ቀርቶ ፎቶ ብቻ ይሆናል።

ባልደረባዬ ከበዓሉ ግርግር በኋላ ፖስታ ቤቱን ፈልጎ አገኘና አስመታልኝ። «ላሊበላ» የሚለው በአማርኛ ከአበባው ጥግ ላይ ይነበባል። ካርዱ ከኔ በፊት የኔን ከተማ ለቆ፣ ሄዶ፣ ተመልሶ ደረሰ። እስካሁን ካሉኝ ሁሉ የመጀመሪያው ደረጃ የሱ ነው፤ አድልዎ ነው ካላችሁ አዎ፣ ነው።

ጥር – አሜሪካ

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ኦሮራና ዴንቨር ሐበሻ በብዛት ያለበት ቦታ ነው። ሜሳ ቨርዴ ደግሞ እዚያው ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር። ደወልኩለት።

«አንቺ ልጅ፣ ሜሳ ቨርዴ የት እንዳለ ታውቂያለሽ? ለአንድ ካርድ ብዬ የሰባት ሰዓት መንገድ ልንዳ?»

«ወንድም ጋሼ፣ መሄድ የለብህም። ካርዱን እዚያው ዴንቨር ታገኘዋለህ። ዋናው ከአሜሪካ መላኩ ነው።»

«እሱማ ይሻላል። አበባው የቱ ነው?»

«ክቡን ጠይቅ። ወደ ውጭ አገር የሚላክበትን።»

አሜሪካ ለውጭ አገር ደብዳቤ የምታወጣው ልዩ ቴምብር ክብ ነው። ዋጋ አይጻፍበትም፤ ታሪፍ ቢጨምርም ያው አንዱ ይበቃል። በ2020 የክሪሳንተመም አበባ ወጣ፣ በ2022 ደግሞ የአፍሪካ ዴዚ። ሁለቱም ሙሉ ክቡን የሞላ አንድ አበባ ናቸው። ዴዚው ሐምራዊ ነው፣ ዘሩ ከደቡባዊ አፍሪካ የሄደ። ስለዚህ አህጉራችን አበባ ከአሜሪካ ተራራ ተሳፍሮ ወደኛ ተመለሰ ማለት ነው።

ሁለት ካርድ አብሮ ላከልኝ። ሜሳ ቨርዴ ላይ ያለው ክሊፍ ፓላስ የሚባለው ነው። ገደል ሥር ባለ ጉድጓዳ ቋጥኝ ውስጥ የተሠራ መንደር፣ ወደ 150 ክፍሎች ያሉት። የዛሬዎቹ የፑዌብሎ ሕዝቦች አያቶች የሠሩት ነው፣ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። ድንጋዩን ለሚያውቅ የላስታ ወይም የትግራይ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የሎውስቶን ላይ ደግሞ የሚፈነዳው ፍል ውኃ አለ። በ1872 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ሲከለል በዓለም የመጀመሪያው ነበር።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር፦ አሜሪካ የደረሰም ሆነ ከአሜሪካ የተነሣ ካርድ ታችኛው ጫፉ ላይ ማሽን ጥቁር መስመር ይረጭበታል። የጽሑፉን የመጨረሻ መስመር ይበላዋል። አሁን ለሚልክልኝ ሁሉ «ከታች ሁለት ጣት ክፍት ተው» እላለሁ።

የካቲት – ካናዳ

ቶሮንቶ ያለችው ጓደኛዬ ጋር ጥቅምት ላይ ነው የተስማማነው። ግን የካናዳ ፖስታ ሠራተኞች ከኅዳር 6 እስከ ታኅሣሥ 8 አድማ ላይ ነበሩ። እሷም ይለፍ ብላ ቆየች። ብልህ ናት።

ላንስ ኦ ሜዶውስ በኒውፋውንድላንድ ጫፍ ላይ ያለ ቦታ ነው። ከሰሜን አውሮፓ በመርከብ የተሻገሩ ሰዎች ከኮሎምበስ 500 ዓመት ገደማ ቀድመው እዚያ ቤት ሠርተዋል። በ2021 የታተመ ጥናት የቆረጡትን እንጨት መርምሮ ዓመቱን ሳይቀር አገኘው፦ 1021። የኛን ቋንቋ ብንናገር ገና ንጉሥ ላሊበላ ከመንገሡ በፊት ነው። ካርዱ ላይ ግን የሚታየው ሣር የለበሰ ጎጆ ብቻ ነው። ታሪኩን ያላወቀ ሰው እረኛ ቤት ይመስለዋል።

ቴምብሩ ላይ ትንሽ ሒሳብ ነበረብን። ካናዳ በየዓመቱ አንድ አበባ እየመረጠች ታወጣለች። በ2016 ሃይድሬንጃ ነበር፣ በ2020 ዳሊያ። የሚያምሩ ናቸው። ግን «ፒ» የሚል ምልክት ነው ያለባቸው፣ የአገር ውስጥ ደብዳቤ መጠን ማለት ነው። ወደ ኢትዮጵያ አንዱ አይበቃም፣ ሁለቱም አይሞላም። ስለዚህ ሦስት ደርድራ ለጠፈች። ለመጻፊያ የቀረው ቦታ ጠቦ «ሰላም ነሽ? በረዶ ነው» ብቻ ጻፈችልኝ። በጣም ወድጄዋለሁ።

ናሃኒ የከበደው ነው። ወደዚያ የመኪና መንገድ የለም። ሰው የሚገባው ውኃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ቨርጂኒያ የሚባለው ፏፏቴ ቁመቱ ከናያጋራ እጥፍ ያህል ነው፤ ጢስ ዓባይንም በእጥፍ ይበልጠዋል። ካርዱን ከየት ይገኛል? ጓደኛዬ ሰሜን የሚኖሩ ካርድ ተለዋዋጮችን አፈላልጋ አንዱን አገናኘችኝ። በለውጡ ሁለት የላሊበላና አንድ የሐረር ግንብ ካርድ ጠየቀኝ። ርካሽ ነው አልኩና ላክሁ።

መጋቢት – ፖላንድ

ሁለቱም ከፖስትክሮሲንግ መጡ፣ ያውም ከተለያዩ ሰዎች። ፖላንድ ከ2009 ጀምሮ «አበባና ፍራፍሬ» የሚል የዘወትር ቴምብር ተከታታይ አላት። ስለዚህ እዚያ አበባ መጠየቅ ችግር አይደለም፣ ችግሩ ፍራፍሬ እንዳይመጣ ነው። አንዱ እንደፈራሁት እንጆሪ ጨምሮ መጣ። ጎኑ ላይ አበባ ስላለ አለፈ።

ክራኮው ላይ ያለው ትልቁ የገበያ አደባባይ ነው። አራቱም ጎኖቹ እያንዳንዳቸው 200 ሜትር ገደማ ናቸው። የከተማው አቀማመጥ በ1257 በወጣ ቻርተር እንደተነደፈ ነው ያለው።

ቪየሊችካ ግን ልቤን ወሰደው። መሬት ውስጥ 101 ሜትር ወርደው የሚያገኙት የቅድስት ኪንጋ ቤተ ጸሎት። ግድግዳው ጨው፣ ወለሉ ጨው፣ መሠዊያው ጨው፣ የሚንጠለጠለው መብራት ጌጡ እንኳ ጨው ነው። የጠረቡት ማዕድን ቆፋሪዎች ናቸው። ላሊበላና ቪየሊችካ በአንድ ዓመት በአንድ ዝርዝር ላይ መውጣታቸው አጋጣሚ ይሁን እንጂ አልበሜ ውስጥ ፊት ለፊት ላስቀምጣቸው ፈለግሁ። ቁጥራቸው 18ና 32 ስለሆነ ቅደም ተከተሉ አይፈቅድም። ብዙ ካመነታሁ በኋላ ቅደም ተከተሉን አከበርኩ። ጨው ለፖላንድ ነገሥታት ትልቅ ገቢ ነበር፤ አሞሌን ገንዘብ አድርጎ ለተገበያየ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

አንድ ሌላ ካርድም በዚህ ወር ደረሰኝ፣ ከየት እንደሆነ አልናገርም። ማኅተም አልተመታበትም። የሆነ ሰው መንገድ ላይ በእስክሪብቶ አበባው ላይ ወዲያና ወዲህ ሁለት መስመር አስምሮበታል። ቴምብሩ ድጋሚ እንዳይለጠፍ ነው፣ ሕጉ ይገባኛል። ግን ትንሽ እንኳ አይታዘንም? ላኪው ሌላ ሊልክልኝ ቃል ገብቷል፣ ልኮልኛልም።

ሚያዝያ – ጎሬ

ጎሬ ስል ሁሉም ሰው ኢሉባቦር ያለችው ጎሬ ይመስለዋል። ይቺኛዋ ዳካር ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ደሴት ናት፣ በባሪያ ንግድ ታሪኳ የምትታወቅ። ካርዶቹ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚታየው የባሮች ቤት የሚባለው ሮዝ ቀለም ግንብ ነው፤ ወደ ባሕር የሚከፈተው ጠባብ በር ያለው።

ጎረቤቴ ለስብሰባ ዳካር ሄደች። ካርድ እንድትገዛ፣ አበባ ያለበት ቴምብር እንድትለጥፍ፣ እዚያው ፖስታ ቤት እንድትጥል አንድ በአንድ ነገርኳት። ስትመለስ በሬን አንኳኳች። ካርዶቹን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችልኝ።

«ይኸው እህቴ! በፖስታ ምን ያንገላታዋል፣ በእጄ ይዤልሽ መጣሁ።»

ምን ይባላል? አመሰግናለሁ ተባለ፣ ቡናም ተፈላ። ካርዶቹ ንጹሕ ናቸው፣ ጫፋቸው እንኳ አልታጠፈም። ግን ቴምብር የለ፣ ማኅተም የለ። ለብቻቸው በሌላ ኪስ አስቀመጥኳቸው። አንዱን ወደ ዳካር ለሚሄድ ሌላ ሰው አስይዤ መልሼ እልከዋለሁ። ካርዱ ሁለት ጊዜ ይሄዳል፣ ይገባዋል።

ሰኔ – ኢኳዶር

ኢኳዶር ከባዷ አገር ናት። የድሮው የፖስታ ድርጅት በ2020 እንዲዘጋ ተወስኖ በኋላ በሌላ ተተካ። እዚያ ያሉ ተለዋዋጮች ብዙዎቹ በዚያ ጊዜ ተበታትነዋል። ስለዚህ ሕጉ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፦ ካርዱ ለኔ መላክ የለበትም። ድሮ ለሌላ ሰው ተልኮ መንገዱን የጨረሰ ካርድም ይቆጠራል።

በዚህ አንቀጽ ኪቶን አገኘሁ። አንድ የቤልጂየም ሽማግሌ ሰብሳቢ ከሳጥናቸው አውጥተው ሰጡኝ፣ ለእህታቸው ተልኮ የነበረ። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ከተማ፣ ቀያይ ጣሪያ፣ ጀርባው ተራራ። እንጦጦ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው አየሩን ይገምተዋል። ቴምብሩ ኦርኪድ ነው። አገሪቱ ከ4,000 በላይ የኦርኪድ ዝርያ አላት፤ ሌላ አበባ ቢመጣ ነበር የሚገርመኝ። ጽጌረዳ ሲሆን ደግሞ ተፎካካሪያችን ናት። እነሱም እኛም ጽጌረዳ ለውጭ ገበያ ከሚያቀርቡት ትልልቆቹ ውስጥ ነን።

ጋላፓጎስ ላይ አስቂኝ ነገር አለ። ፍሎሬያና በምትባለው ደሴት ባሕር ዳር ላይ አንድ በርሜል ተቀምጧል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከበኞች ደብዳቤ ይተዉበት ነበር። ወደ አገሩ የሚመለስ መርከብ ያነሣላቸዋል። ዛሬም ቱሪስቶች እንደዚያው ያደርጋሉ፦ ካርድ ይጥላሉ፣ ከውስጡ ደግሞ በሰፈራቸው አድራሻ የተጻፈ ካገኙ ወስደው በእጅ ያደርሳሉ። ቴምብር የሚባል ነገር የለም። በዓለም ላይ በጣም የሚታወቀው የጋላፓጎስ ፖስታ በኔ ሕግ ዋጋ የለውም ማለት ነው! ቤልጂየማዊው ሽማግሌ በሚያውቁት ሰው በኩል በኔ ስም አንድ ካርድ በርሜሉ ውስጥ አስጥለዋል። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ቱሪስት አንሥቶ ካመጣልኝ እራት እጋብዘዋለሁ። አልበሙ ላይ ግን ቁጥር 1 ኪስ ባዶውን ይቆያል፣ ቴምብር ያለበት እስኪገኝ።

ሐምሌ – ስሜን

ስሜን ከጎንደር ተልኮ ደረሰኝ። ዋልያው ገደል ጫፍ ላይ ቆሟል፣ ቴምብሩም አበባ ነው። ሕጉ ተሟልቷል፣ ኪሱ ተሞልቷል። እኔ ግን አልጠገብኩም።

ምክንያቱ ኮሶ ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የወጣ የአበባ ቴምብር ስብስብ አለ። አደይ አበባ አለበት፣ ኮሶም አለበት፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ምስል ጋር። ኮሶ! ስሙ ሲነሣ ፊቱን የሚያጨማድድ አዛውንት ዛሬም አለ፣ የጠጣው ሰው ምሬቱን አይረሳም። ዛፉ ላይ እያለ ግን የሚንዠረገገው ቀይ አበባ የሚያምር ነው። የሚበቅለውም ደጋ ላይ ነው፣ ስሜን አካባቢም አለ። ስሜን በፊት፣ ኮሶ በጀርባ፤ ካርዱና ቴምብሩ ከአንድ ተራራ። ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ አበባውና ቦታው እንዲህ የሚገናኙበት ሌላ ካርድ የለኝም።

ታዲያ የዚያን ዘመን ቴምብር ዛሬ ለጥፌ ልላክ አልልም፣ በዛሬ ታሪፍ ጥቂት ሳንቲም ካርዱን የትም አያደርሰውም። የሚያስፈልገኝ በዚያው ዘመን ተልኮ የነበረ ካርድ ነው። አስተማሪዎችና የሰላም ጓድ ወጣቶች ያኔ ወደ አገራቸው ብዙ ካርድ ይልኩ ነበር። ከነዚያ የተወሰነው ዛሬ በውጭ አገር የድሮ ወረቀት ሻጮች ዘንድ በካርቶን ይሸጣል። የኮሎኟ ጓደኛዬ እሑድ እሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ትሄዳለች። «የአፍሪካ» የሚል ካርቶን ስታይ ጀርባ ጀርባውን እንድታገላብጥ ነግሬያታለሁ። ፊቱን ተይው፣ ቀይ ዘለላ ያለበትን ቴምብር ፈልጊ።

ነሐሴ – ያለው ሁኔታ

ናሃኒ ዘግይቶም ቢሆን ገባ፣ ዳሊያ ተለጥፎበት። የጎሬው ካርድ በአንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሻንጣ ወደ ዳካር ተመልሷል፤ አበባ ያለበት ቴምብር ካላገኘች እንዳትልከው ብያታለሁ። ጋላፓጎስ ክፍት ነው። የኪቶን ካርድ የሰጡኝ ቤልጂየማዊው ሽማግሌ ሌላ ሳጥን እንዳላቸውና ክረምቱ ሲያልፍ እንደሚከፍቱት ጽፈውልኛል፤ በለውጡ የፋሲል ግቢ ካርድ ይፈልጋሉ። ቁጥር 19 ነው አይደል? ለሳቸው ስገዛ ለራሴም አንድ መግዛቴ አይቀርም።